እርጥብ ግድግዳ አይለሰንም

በዚህ ዓመት ከደጋፊዎቻችን ማኅበረ ምእመናን አንዱ በላከልን ደብዳቤ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰፍሮ አገኘን፤ «በአፋር ሕፃናት በሳልና በትንፋሽ ማጠር እንደሚቸገሩ ጽፋችሁልናል። ታዲያ ገንዘብ የጠየቃችሁን ለሳል መድኃኒት ሳይሆን ለድንጋይ፣ ለአካፋና ለቆርቆሮ ምስማር የሆነው ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰጠ ሰው ስጦታው የት እንደ ዋለ ማወቅ ይገባዋል። መልሱ ግን በአጭር ደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም፤ በየጣቢያው ያሉ የሥራ ባልደረቦቻችንም ጉዳዩን በሚገባ እንዲረዱት እንሻለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለሁላችሁም ልናስረዳ ወደናል።

አዋሽ ሰባት ኪሎንና ሰመራን በመኪና አልፎ የሚሄድ ሰው በእነዚህ ከተሞች እርጥበት የሚባል ችግር አለ ቢሉት ይስቃል። ሁለቱም የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱባቸው የበረሃ ከተሞች ናቸው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከ1000 ሜትር ከፍታ በታች ትገኛለች፤ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትርም በታች ናት። በሰመራና በዱብቲ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ልብስ ታጥቦ ከተሰጣ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይደርቃል። እኛም መጀመሪያ ወደዚህ ስንመጣ ስለ ጥማት እንጂ ስለ እርጥብ ግድግዳ እናስባለን ብለን አልገመትንም ነበር።

ነገር ግን ውሃ ወደዚህ አገር የሚመጣው ከላይ ከሰማይ ብቻ አይደለም። የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ሸለቆውን ተከትሎ ይወርድና ወደ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በከርማ ወራት፣ ማለት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ የሸዋና የወሎ ደጋ ሲዘንብበት ወንዙ ይሞላል። በዚህም ምክንያት ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ይመጣል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የሆነው እንዲህ ነበር። ወንዙ ከአልጋው ወጥቶ በአሚባራ፣ በዱብቲ፣ በአሳይታና በሌሎችም ወረዳዎች ቤትና እርሻ አጥለቀለቀ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተፈናቀሉ። ውሃው ከሸሸ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ግድግዳው ግን አልደረቀም። የጭቃ ግድግዳ ውሃን እንደ ስፖንጅ መጦ ይይዛል፤ ውጪው ሲነካ ደረቅ ሆኖ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ከታች ነው። በመካከለኛው አዋሽ በተለይም በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥ እርሻ ለረጅም ዓመታት በመስኖ ከለማ በኋላ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ተነሥቶ መሬቱን ጨው እንዳደረገው የታወቀ ነው። ከአዋሽ ብዙም በማይርቀው በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ እየሰፋ መጥቶ መሬትና ቤት እንደ ወሰደም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ውሃው ለመሬቱ ገጽ ሲቀርብ መሠረት የሌለው ግድግዳ እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ ወደ ላይ ይስበዋል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ዝናብ ባይዘንብም አይደርቅም።

ሌላው ሰው ሠራሽ ነው። የቆርቆሮው ምስማር ጎማ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ በሱጉም ዝናብ ጊዜ ማፍሰሱ፣ ሙቀቱን ለማብረድ ወለሉ ላይ ውሃ መርጨቱ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ጠብታ ግድግዳ ሥር መውደቁ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ሰባት ስምንት ሰው ማደሩ ሁሉ ተደምሮ እርጥበት ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጡ ተጨመረበት። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ለወራት ሲደጋገም የቆየው መንቀጥቀጥ ግድግዳ ሰነጠቀ፣ ቤት አፈረሰ። በታኅሣሥና በጥር ብዙ ቤተሰብ አካባቢውን ለቆ በሸራ ሥር ሰፈረ። ሸራ አየር አያስተላልፍም። ሌሊት በረድ ሲል የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ከሸራው ውስጠኛ ገጽ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ብርድ ልብሱ ርሶ ይገኛል።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከ2012ቱ ጎርፍ በኋላ በዱብቲ አቅራቢያ ለተመለሱ ቤተሰቦች ቤት የማደስ ሥራ ጀመርን። ለለጋሾቻችን የምንልከው ፎቶግራፍ ያማረ እንዲሆንም ሳንመኝ አልቀረንም። ጊዜ አጠረንና የጭቃውን ግድግዳ ከውጪም ከውስጥም በሲሚንቶ ለስነን፣ በላዩ ኖራ ቀብተን አስረከብን። ቤቶቹ ነጭ ሆነው ከሩቅ ያበሩ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ሲሚንቶው አብጦ ይላቀቅ ጀመር። በአልጋው በኩል ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጣ። አንዲት አያት በአፋርኛ የተናገሩትን የሥራ ባልደረባችን ሲተረጉምልን፣ «ልጆቼ፣ ቤቱን ነጭ ልብስ አለበሳችሁት እንጂ አላደረቃችሁትም» ማለታቸው ነበር።

የእኚህ እናት የልጅ ልጅ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ይሆነዋል። ቀን ይጫወታል፤ ሌሊት ግን ሳል ይነሣበትና ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። የሚተኛው ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ሆኖ፣ ራሱ የሚያርፈው በዚያው በጠቆረው ግድግዳ ሥር ነበር። ፍራሹን ስንገለብጠው ከታች በኩል ሻግቷል። ልጁ ለሳል ሽሮፕ በተደጋጋሚ ተሰጥቶታል፤ ሲሻለው ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ፍራሽ ይመለሳል። ለድንጋይና ለአካፋ ገንዘብ መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሻጋታ ምን እንደሆነ ሁሉም የቤት እመቤት ታውቃለች፤ በእንጀራ ላይ የሚወጣው ያው ነው። ዘሩ ከዓይን የማይታይ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ በአየር ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ በበረሃም አለ። ነገር ግን ውሃ ካላገኘ አይበቅልም። ምግቡ በየቤቱ ሞልቷል፤ ከጭቃው ጋር የተቦካው ጭድ፣ ሰሌኑ፣ ካርቶኑ፣ የፍራሹ ጨርቅ፣ አቧራው ሳይቀር ይመገበዋል። የረጠበ ዕቃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ አይሻግትም። ከዚያ ካለፈ ግን በእኛ አገር ሙቀት ፈጥኖ ይይዛል።

እዚህ ላይ የሥራ ባልደረቦቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ነገር ማንሣት አለብን። በአዋሽ ሸለቆ በግድግዳ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። አንዳንዱ ጨው ነው። ከመሬት የተሳበው ውሃ ሲተን ጨዉን ግድግዳው ላይ ጥሎት ይሄዳል። ለመለየት ቀላል ነው፤ ጥቂት ፍቆ ውሃ ጠብ ማድረግ። ጨው ከሆነ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ሻጋታ ከሆነ አይሟሟም፤ ሽታውም የታመቀ የምድር ቤት ሽታ ነው። ጨው ሳንባን እንደ ሻጋታ አያውክም። ሆኖም ጨው የታየበት ግድግዳ ውሃ ከታች እየሳበ መሆኑን ይመሰክራልና፣ «ጨው ብቻ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ዛሬ ጨው ካለበት ግድግዳ ነገ ከአልጋው ጀርባ አየር በማያገኘው በኩል ሻጋታ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም።

የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው። አዋቂ ሰው ሻጋታ ሲተነፍስ ጉሮሮው ቢከረከረውና ቢያስነጥሰው ያልፋል። በሕፃን ደረት ውስጥ ግን ያው ነገር የቧንቧውን ግድግዳ ያሳብጠዋል፣ አክታ ያበዛል፣ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ያኮማትረዋል። ጠባቡ ቧንቧ ጥቂት ሲያብጥ አየር ማለፊያ ያጣል፤ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚህም በላይ ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ይልቅ ብዙ አየር ይስባል፤ ለወለሉ ቅርብ ነው፤ ከቀኑም ከሌሊቱም የሚበልጠውን ሰዓት የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ ነው። አስም ያለበት ልጅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ እርጥበትና ስለ ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ በእርጥብና በሻገተ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለትንፋሽ ችግር፣ ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አረጋግጧል። ይህን ያህል ሻጋታ ጉዳት የለውም ብሎ መለኪያ ማስቀመጥ እንደማይቻልና መፍትሔው እርጥበቱን ማስወገድ መሆኑንም ገልጿል። አሜሪካ ውስጥ በክሊቭላንድ ከተማ የተደረገና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ በተግባር አሳይቷል። በሻገተ ቤት የሚኖሩ አስም ያለባቸው 62 ልጆች ተመርጠው ሁሉም ተገቢውን ሕክምናና ምክር እንዲያገኙ ተደረገ። የ29ኙ ቤት ግን በተጨማሪ የሚያፈሰው ተጠግኖ፣ የረጠበው ተነሥቶ፣ አየር እንዲገባው ተደረገ። ከጥገናው በኋላ ባሉት ወራት ቤታቸው ከተጠገነው 29 ልጆች ድንገተኛ ሕክምና ያስፈለገው አንዱን ብቻ ሲሆን፣ ካልተጠገነላቸው 33 ልጆች ግን 11ዱን አስፈልጓቸዋል።

ድሃ አገር ስለሆንን ብቻ የደረሰብን እንዳይመስላችሁም። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ከሱዳን የሄዱ ወላጆች ልጅ የሆነው አዋብ የተባለ ሕፃን፣ ሁለተኛ ዓመቱን ባከበረ በሳምንቱ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሞተ። በ2022 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የሞት ምርመራ ምክንያቱ በሻገተ ቤት ለረጅም ጊዜ መኖሩ ያስከተለበት ከባድ የመተንፈሻ ሕመም መሆኑን ደመደመ። አባቱ ስለ ሻጋታው አቤት ባሉ ጊዜ ቀለም ቀቡበት ተብለው እንደነበር በምርመራው ተሰምቷል። እኛ ይህን ስናነብ በዱብቲ አቅራቢያ የቀባነው ኖራ ትዝ አለንና አፈርን። ከዚህ በኋላ በአገሩ በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጥቶ፣ በኪራይ የሚሰጡ የማኅበራት ቤቶች ባለቤቶች እርጥበትና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስወግዱ ግዴታ ተጥሎባቸዋል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ቶሎ ቶሎ ነበር የምናልፈው። በምዕራፉ መጨረሻ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ አረንጓዴና ቀይ ምልክት ሥርዓት ተሰጥቷል። ብዙ ተርጓሚዎች አንድ ዓይነት ሻጋታ እንደሆነ ይገምታሉ። በጉዳዩ መንፈሳዊ ትርጉም ላይ አሁን አንገባም። ቅደም ተከተሉን ግን እዩት፤ በመጀመሪያ ዕቃው ከቤት ይወጣል፤ ቤቱ ሰባት ቀን ተዘግቶ ይቆይና እንደገና ይታያል፤ ምልክቱ ከሰፋ የተበከለው ድንጋይ ይወጣል፣ ግድግዳው ከውስጥ ይፋቃል፣ ፍቅፋቂውም ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ በአዲስ ድንጋይና በአዲስ ጭቃ የሚለሰነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ የመጨረሻውን መጀመሪያ አደረግነው።

ዛሬ በፕሮጀክቶቻችን የምንሠራው እንደሚከተለው ነው። ውሃ የገባበት ቤት ሲገኝ ፍራሽ፣ ሰሌንና ልብስ ሁሉ ወደ ፀሐይ ይወጣል። የሻገተ የጥጥ ወይም የስፖንጅ ፍራሽ ታጥቦ አይድንምና ቢያሳዝንም ይወገዳል፤ ለምትክ በጀት የምንይዘው ስለዚህ ነው። ልስኑ ውሃው ከደረሰበት ምልክት ከፍ ብሎ እስከ እንጨቱ ድረስ ይፋቃል። በሚፋቅበት ጊዜ ሕፃናት በአካባቢው መኖር የለባቸውም፤ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል፤ ሻጋታው በደረቁ አይጠረግም፤ ውሃ እፍ ተደርጎበት ይነሣል እንጂ፤ ምክንያቱም ደረቅ መጥረጊያ ዘሩን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋል። ለቆርቆሮ፣ ለብሎኬትና ለእንጨት ሳሙናና ውሃ ይበቃል። በረኪና የምትጠቀሙ ካላችሁ ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር በፍጹም አትደባልቁት፤ የሚወጣው ጋዝ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል። በጭቃ ግድግዳ ላይ በረኪና መድፋት ደግሞ እርጥበት መጨመር ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። የሰመራ ነፋስና ፀሐይ ታላቅ ስጦታ ናቸው፤ በርና መስኮት ክፍት ሆኖ ከተተወ የትኛውም መሣሪያ ከሚያደርቀው ይበልጥ ያደርቃሉ። መድረቁን ለማወቅ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ዙሪያውን ማሸግና ማሳደር ነው። ጠዋት ከላስቲኩ ጀርባ የውሃ ጠብታ ከታየ ግድግዳው ገና ነው። ልስን የሚገባው ጠብታው ሲጠፋ ብቻ ነው፤ እርሱም በጭቃ ወይም በኖራ እንጂ በሲሚንቶ አይደለም። ጭቃና ኖራ እርጥበትን መልሰው ያስወጣሉ፤ ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ግን በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሆኑ ውሃውን ውስጥ ቆልፈው ያስቀሩታል።

ድንጋዩና አካፋው የሚያስፈልጉት ችግሩ እንዳይመለስ ነው። በቤቱ ዙሪያ ውሃውን የሚያርቅ ቦይ ይቆፈራል። አዲስ የሚሠራ ቤት እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ይነሣና፣ በድንጋዩና በጭቃው መካከል ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፤ ከመሬት የሚሳበው ውሃ እዚያ ይቆማል። ጣሪያ ሥር በሁለት ፊት ለፊት በሆኑ ግድግዳዎች ላይ የአየር ቀዳዳ ይተዋል። አልጋው ወይም መደቡ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ባለቤቱና ጎረቤቱ ነው፤ የእኛ ድርሻ ዕቃው በአገሩ የማይገኘውን ማቅረብና ማሳየት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንድናስጠነቅቅ ይፈቀድልን። ቤት ለማድረቅ ወይም ሻጋታውን ለማጠን ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ማሳደር ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ለነፍስ የሚያሰጋ ባይሆን እንኳ ጭስ የሕፃን ሳንባ ጠላት ነው። ዛሬ በአፋር በየቦታው የተስፋፋው የፕሮሶፒስ እንጨት ለከሰልና ለማገዶ እየዋለ ስለሆነ፣ ምግብ የሚበስለው ልጁ በሚተኛበት ክፍል ከሆነ ግድግዳውን ማድረቃችን ብቻውን እምብዛም አይጠቅመውም። ማእድ ቤቱን ለብቻው ማውጣት፣ ባይቻል ከበር ውጭ ማብሰል ይገባል።

ስለ ዳቦይታም ሳናነሣ አናልፍም። ይህ የአፋር ሴቶች በእንጨትና በሰሌን የሚሠሩት ክብ ቤት ነው። አንዳንዶቻችን ስንመጣ ዳቦይታን ወደ ቆርቆሮ ቤት መለወጥን እንደ ልማት እንቆጥር ነበር። ዳቦይታ ግን በሰሌኑ መካከል ነፋስ ያስገባል፤ ሰሌኑ ሲርስ ተነሥቶ ይሰጣል፤ ጎርፍ ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ተፈትቶ በግመል ይጫናል። በእርግጥ በውስጡ እሳት ሲነድ ይታፈናል፤ ከባድ ዝናብም ያስቸግረዋል። ሆኖም እርጥበትን በተመለከተ ከሠራነው የሲሚንቶ ቤት የተሻለ እንደነበረ መመስከር አለብን። ዛሬ አንዳንድ ቤተሰብ ዕቃውን በቆርቆሮው ቤት አኑሮ ሕፃናቱን በግቢው ባለው ዳቦይታ ያስተኛል። እኛም ይህን አንከለክልም።

ሆኖም ቤት ማድረቅ ሕክምናን አይተካም። ብዙውን ጊዜ የሳንባ ምችን የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው፤ እርጥበት፣ ጭስና የምግብ እጥረት ልጁን ለእነርሱ አሳልፈው ይሰጡታል። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቻችን በየቤቱ ሲገቡ የልጁን ትንፋሽ መቁጠር ይወቁ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ሆዱን ወይም ደረቱን እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኖ እየተነፈሰ ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የሚደነዝዝ ልጅ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በግድግዳው ብቻ አይሳበብ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። የሳንባ ምችን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣልና ልጁ መከተቡን ካርዱን አይታችሁ አረጋግጡ። ለሳል ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ፈውስ እንደማያመጣም በትዕግሥት አስረዱ።

አስም ላለበት ልጅ ሐኪም በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ሕፃን ከመድኃኒቱ ጋር ትንፋሹን ማስተካከል ስለማይችል በመካከል አየር መያዣ ዕቃ ያስፈልገዋል። የተሠራው በገበያ ባይገኝ፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ተበስቶ የመድኃኒቱ አፍ በልክ ከገባበት ያገለግላል። ይህ በደቡብ አፍሪካ ተፈትኖ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በደንብ እንደሚሠራ ያሳየው ነው። አሠራሩን የጤና ባለሙያው እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

የዚያ ልጅ አያት ቤት ሲሚንቶው ተፍቆ ግድግዳው የደረቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ቦይ ተቆፈረ፤ አልጋም በእንጨት ተሠራለት። ሲር ሲሩ ቀንሷል፤ ጨርሶ ጠፋ ግን አንልም፤ አቧራ ሲነሣና ጎረቤት ከሰል ሲከሰል ይመለስበታል። አያቱ በየከርማው መግቢያ ቦዩን ራሳቸው ያስጠርጋሉ።

ለሥራ ባልደረቦቻችን አንድ ማሳሰቢያ። ወደ መንደር ስትወጡ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ያዙ። ቤት ስትገቡም እንድትቀመጡ የሚሰጣችሁ ቦታ ብዙ ጊዜ ደረቁና ያማረው ነው፤ በትሕትና አስፈቅዳችሁ ልጁ የሚተኛበትን ማዕዘን እዩ፤ ፍራሹን አንሡና ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱ። ያያችሁትንም ከነቀኑ በመዝገባችሁ ላይ አስፍሩ፤ የሚቀጥለው የድንጋይ ጭነት ለየትኛው ቤት እንደሚሄድ የምንወስነው በእርሱ ነው።